ለጥቅምት 14 ማታ የትኛውን የድሮ አስፈሪ ፊልም እንይ?

ጥላና ብርሃን (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)
እሑድ፣ ጥቅምት 1

ትናንት ማታ የ14 ዓመት ልጄ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ደፍታ አስቀመጠችው። ማንም አላዘዛትም። ስክሪኑ ላይ የነበረው ድምፅ አልባ፣ ጥቁርና ነጭ፣ ዕድሜው ከመቶ ዓመት ያለፈ ፊልም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰፈራችን መስከረም ሳይጋመስ በዱባና በፕላስቲክ አጽም ተሞላ። ልጄ ጓደኞቿ የሚያወሩለትን አዲስ አስፈሪ ፊልም ሁሉ ማየት ትፈልጋለች፤ እኔ ደግሞ ደም የሚረጭበትንና ሥጋ የሚቆረጥበትን ነገር ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ ማየት አልችልም። ብዙ ከተከራከርን በኋላ ተስማማን፦ እስከ ሃሎዊን ድረስ በየቅዳሜው ማታ አንድ የድሮ ፊልም፣ መብራት አጥፍተን። የመጀመሪያው የዳይሬክተር ሙርናው «ኖስፌራቱ» ሆነ፤ በፈረንጆቹ 1922 ጀርመን ውስጥ የተሠራው።

ደም መጣጩ ኦርሎክ ደረጃውን ሲወጣ እርሱን ራሱን አናየውም። የምናየው ግድግዳው ላይ የወደቀውን ጥላውን ነው፤ የጎበጠ ጀርባ፣ እንደ ደረቀ ቅርንጫፍ የረዘሙ ጣቶች። ጥላው በሩ ጋ ሲደርስ ክንዱ ይረዝማል። ከዚያ የእጁ ጥላ በሴትዮዋ ነጭ ልብስ ላይ እየተሳበ ይወጣና ልቧ ላይ ሲደርስ ጭብጥ ይላል። ማንም አልነካትም፤ እርሷ ግን በሕመም ትታጠፋለች። ልጄ በዚያች ቅጽበት የሶፋውን ትራስ ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ነበር።

ሌሊቱን ሳስበው አደርሁ። እነዚያ ሰዎች የዛሬው ኮምፒውተር አልነበራቸውም፤ ድምፅም አልነበራቸውም። ጥላ ግን ዋጋ አይጠይቅም። ፍርሃታቸው ከእጥረት የተወለደ ይመስለኛል፤ ማሳየት ያልቻሉትን እኛ ራሳችን እንድንጨርሰው ተዉልን።

ለፊታችን ቅዳሜ የ1931ዱን «ፍራንከንስታይን»፣ ለሃሎዊን ዕለት ደግሞ የ1978ቱን «ሃሎዊን» መርጫለሁ። የጥቅምት 14 ቦታ ክፍት ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?


የድሮ ስክሪን
እሑድ፣ ጥቅምት 1

ወንድሜ፣ ከ«ኖስፌራቱ» መጀመርህ አስደስቶኛል። ለልጅህ አንድ ነገር ንገርልኝ፤ ያ ፊልም ዛሬ መኖሩ ራሱ ትንግርት ነው። ታሪኩ የብራም ስቶከር «ድራኩላ» ነው፤ የፊልሙ ሰዎች ግን ፈቃድ አልጠየቁም። የገጸ ባሕርያቱን ስም ቀየሩ፣ ድራኩላን ኦርሎክ አሉትና ሠሩት። የደራሲው ሚስት ፍሎረንስ ስቶከር ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ በመጽሐፉ ገቢ የምትኖር ሴት ናት። ከሰሰች። በ1925 የጀርመን ፍርድ ቤት ቅጂዎቹ በሙሉ እንዲጠፉ አዘዘ። ከአገር የወጡ ቅጂዎች ተርፈው ነው እኛ ጋ የደረሰው። እኔ ፊልሙን እወደዋለሁ፤ ሴትዮዋም እውነት ነበራት።

ሌላም ነገር አለ። ቫምፓየር፣ ደም መጣጩ ማለት ነው፣ የፀሐይ ብርሃን ሲነካው ይጠፋል የሚለውን ሁላችንም ከጥንት የመጣ እምነት አድርገን እናወራዋለን። በስቶከር መጽሐፍ ውስጥ ድራኩላ በቀን ይንቀሳቀሳል፤ ኃይሉ ይቀንሳል እንጂ አይሞትም። በፀሐይ እንዲጠፋ ያደረገው ይህ ፊልም ነው። ከዚያ ወዲህ የመጡት ብዙዎቹ ከእርሱ ወረሱት።

በእጥረት ሐሳብህ ግን አልስማማም። «ፍራንከንስታይን»ን ስታይ ተመልከት፤ ዩኒቨርሳል ትልቅ ስቱዲዮ ነበር፣ ሜካፕ ሠሪው ጃክ ፒርስ ጭራቁን የተጫወተውን የቦሪስ ካርሎፍን ፊት ለማዘጋጀት በየቀኑ ወደ አራት ሰዓት ያህል ይፈጅበት ነበር። እዚያ ምንም አልጎደለም። ቢሆንም ያስፈራል፣ ያሳዝናልም። ነገሩ ያለህን በልኩ ማውጣቱ ላይ ነው።

ለጥቅምት 14 ቤላ ሉጎሲ የተጫወተበትን «ድራኩላ» እመክርሃለሁ፣ እርሱም የ1931 ነው። ጊዜ ካላችሁ የስፓኒሽኛውን ቅጂ ጨምሩበት። የእንግሊዝኛው ቡድን ቀን ሠርቶ ሲሄድ ሌላ ዳይሬክተርና ሌሎች ተዋንያን በዚያው መድረክ ላይ ሌሊቱን ይቀርጹ ነበር። የሌሊቶቹ የካሜራ እንቅስቃሴ ከቀኖቹ ይበልጣል ባይ ነኝ፤ ሉጎሲን የሚተካ ግን የላቸውም።


ጆሮ ያለው
ሰኞ፣ ጥቅምት 2

ሁላችሁም ስለምታዩት ተናገራችሁ። እኔ በድምፅ ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝና ስለምትሰሙት ልናገር።

የሉጎሲ «ድራኩላ» ከመክፈቻው በኋላ ሙዚቃ የለውም ማለት ይቻላል። በ1931 ድምፅ ለፊልም ገና አዲስ ነበርና ተመልካቹ «ይህ ሙዚቃ ከየት መጣ?» ይላል ብለው ይሠጉ ነበር። ውጤቱ ግን ሌላ ሆነ። ዛሬ ያንን ዝምታ ስትሰማ የቤትህ ማቀዝቀዣ ድምፅ ሳይቀር ይረብሽሃል።

በ1978ቱ «ሃሎዊን» ደግሞ ተቃራኒው ነው። ዳይሬክተሩ ጆን ካርፔንተር ፊልሙን ሙዚቃ ሳይገባበት ለአንዲት የስቱዲዮ ባለሙያ አሳያት፤ ምንም አላስፈራኝም አለችው። ከዚያ ሙዚቃውን ራሱ ሠራ። ያ የፒያኖ ዜማ በአምስት ምት የሚሄድ ነው፤ ምቱን ልጅ ሳለ በቦንጎ ከበሮ ያስተማረው አባቱ ነበር። ጆሮህ አራት ምት ጠብቆ ሲዘጋጅ አምስተኛው ይመጣል፤ ደረጃ ስትወርድ አልቋል ብለህ አንድ የቀረች እርከን ላይ እንደምትደነቃቀፈው ነው። እግርህ መሬት ሳያገኝ ፊልሙ ያልቃል።

የጥላና ብርሃንን የእጥረት ሐሳብ በዚህኛው ፊልም እደግፋለሁ። ወደ 325 ሺሕ ዶላር በሚሆን ገንዘብ የተሠራ ነው። ታሪኩ የሚሆነው በኦክቶበር ማብቂያ፣ ቀረጻው ግን በፀደይ ወቅት ካሊፎርኒያ ውስጥ ነበር። ስለዚህ ቅጠሎች ቀለም ተቀብተው መንገድ ላይ ይበተናሉ፣ ቀረጻው ሲያበቃ ተለቅመው ለሚቀጥለው ይቀመጣሉ። የገዳዩ ጭምብል ከቴሌቪዥን ተከታታዩ «ስታር ትሬክ» የካፒቴን ኪርክ ፊት ነው፤ ርካሽ ነገር ገዝተው ቅንድቡን ነቅለው ነጭ ቀለም ነፉበት።

ለ14 የሂችኮክን «ሳይኮ» እላለሁ፣ የ1960ውን። ሂችኮክ የመታጠቢያ ቤቱን ትዕይንት ያለ ሙዚቃ ነበር ያሰበው። የሙዚቃ ደራሲው በርናርድ ኸርማን ግን በባለ አውታር መሣሪያዎች ብቻ ያንን የሚጮኽ ነገር ጻፈለት። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ብትሰሙት እንኳ ታዩታላችሁ።


እናት በአሌክሳንድሪያ
ሰኞ፣ ጥቅምት 2

ወንድሞቼ፣ እኔ የዚህ ዓይነት ፊልም ተመልካች አይደለሁም፤ የገባሁት ልጅ ስላለኝ ነው። ሰባት ዓመቱ ነው። አምና የጎረቤት በር ላይ የተሰቀለ ጭምብል አይቶ ሦስት ሌሊት እኔ አጠገብ ተኛ። ዘንድሮ ሃሎዊን ጥቅምት 21 ላይ ውሏል፣ የእመቤታችን ዕለት። እኔ ቤተ ክርስቲያን ልሄድ ስነሣ እርሱ ልብሱን መርጦ ከረሜላ ሊሰበስብ ይጠብቃል። ልከልክለው ብል ከክፍሉ ልጆች ብቻውን ይቀራል፤ ልተወው ብል ልቤ አይቀበለውም።

ሥራዬ ጆርጅታውን ነው። የ1973ቱ «ዘ ኤክሶርሲስት» መጨረሻ ላይ ቄሱ የሚወድቁበት ያ 75 እርከን ያለው ደረጃ እዚያው አለ፣ አልፎ አልፎ በአጠገቡ አልፋለሁ። ጥቅምት ሲሆን ሰዉ እየተሳሳቀ ፎቶ ይነሣበታል። እኔ ግን ጠበል ቦታ ያደግሁ ልጅ ነኝ። የሚጮኹትን፣ በሰንሰለት ታስረው የሚመጡትን፣ እናቶቻቸው ከጎናቸው ተንበርክከው የሚያለቅሱትን አይቻለሁ። ያ ነገር ለእኔ መዝናኛ ሊሆንልኝ አልቻለም።

ለጥላና ብርሃን ደግሞ፦ ባለቤቴ የ1978ቱን ፊልም አይቶታል፤ ራቁትነት አለበት፣ ግድያውም ወጣቶች ላይ ነው፣ ለ14 ዓመት ልጅ አይሆንም ብሏል። ሳትጠይቀኝ ስለተናገርሁ ይቅርታ።


የሌሊት ፈረቃ (ፒትስበርግ)
ማክሰኞ፣ ጥቅምት 3

እህቴ፣ ይቅርታ የሚያስጠይቅ ነገር አልተናገርሽም። ስለ ጠበሉ ያልሽውን ሳነብ እኔም ዝም አልሁ።

ስለ ልጅሽ ግን አንድ ሐሳብ ልስጥሽ። የእኔ ልጆች ትንንሽ ሳሉ ስለ ቡሄ ነገርኋቸው። ልጅ ሆነን ዱላችንን እየመታን «ሆያ ሆዬ» እያልን ከቤት ቤት እንሄድ ነበር፤ ሙልሙል ይሰጡናል፣ እኛም መርቀን እንወጣለን። ስለዚህ እዚህም በር ሲያንኳኩ የተሰጣቸውን ተቀብለው «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብለው እንዲወጡ አደረግሁ፣ በአማርኛ። የሚያስፈራ ጭምብል አናደርግም፤ አንዱ ዓመት አንበሳ፣ አንዱ ዓመት የእሳት አደጋ ሠራተኛ። የሰፈሩ አሮጊቶች ምርቃቱን ለምደው ይጠብቁታል።

ወደ ፊልሙ ልመለስ። የምኖርበት ከተማ አካባቢ የተሠራ፣ በ1968 የወጣ ፊልም አለ፤ የጆርጅ ሮሜሮ «የሕያዋን ሙታን ሌሊት»። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ሥጋ የሚበላ ዞምቢ ከዚያ የመጣ ነው፤ በፊልሙ ውስጥ ግን ዞምቢ የሚለው ቃል አንድ ጊዜም አይነሣም። ርዕሱ በመጨረሻው ሰዓት ሲቀየር የቅጂ መብት ምልክቱ ተረስቶ ቀረና ፊልሙ የማንም ንብረት ሆነ። ማንም ያለ ክፍያ ሊያሳየው ይችላል፤ እኔም ያየሁት ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር በአንድ ግቢ ውስጥ አንሶላ ተወጥሮ ነው።

ዋናው ሰው ቤን ነው፣ የተጫወተው ዱዌን ጆንስ የሚባል ጥቁር ተዋናይ። ቤት ውስጥ ከተከበቡት ሁሉ የሚያስብ፣ መስኮት የሚመርግ፣ ሰዎቹን ለማዳን የሚታገል እርሱ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ከሙታኑ ይተርፋል። ሲነጋ መሣሪያ የያዙ ነጮች ሙታኑን እያደኑ ይመጣሉ። ድምፅ ሰምቶ ቀና ሲል በመስኮቱ ያዩታል። ግንባሩን ይመቱታል። ከዚያ ፊልሙ መንቀሳቀሱን ያቆማል፤ ሬሳውን በሥጋ መንጠቆ ሲጎትቱት እንደ ጋዜጣ ፎቶ ሻካራ በሆኑ የቆሙ ምስሎች ይታያል። ማርቲን ሉተር ኪንግ የተገደሉት በዚያው ዓመት ኤፕሪል ላይ ነበር። እዚያ ግቢ ውስጥ ካለነው አንድም ሰው አልተነሣም። እኔ ሁለት ወንዶች ልጆች አሉኝ፤ ያን ቀን ማለዳ ከሌሊት ፈረቃ ስመለስ መኪናዬ ውስጥ ሆኜ አለቀስሁ።

ለ14 ዓመት ልጅ አልመክረውም። አንተ ግን ብቻህን እየው።


የሸክላ ልጅ (ነታንያ)
ረቡዕ፣ ጥቅምት 4

ይህን ውይይት ሁለት ቀን ሳነብ ቆየሁ። የእኔ ምርጫ በ1942 የወጣው «የድመት ሰዎች» ነው፤ ዳይሬክተሩ ዣክ ተርነር፣ አዘጋጁ ቫል ሉተን። የምመርጥበትን ምክንያት ግን ከሩቅ ልጀምረው።

እኛ ቤተ እስራኤል ነን፤ ቤተሰቤ ከጎንደር ነው የመጣው። ወንዶቹ ብረት ይቀጠቅጡ ነበር፣ ሴቶቹ ሸክላ ይሠሩ ነበር። ማረሻው ከእኛ፣ ድስቱ ከእኛ፣ ጀበናው ከእኛ ይገዛል። ጎረቤት ግን ሌሊት ወደ ጅብ ይለወጣሉ ይል ነበር። ቡዳ። አንድ ገበሬ ጅብ ገድሎ ጆሮው ላይ ጉትቻ ተገኘ የሚለውን ታሪክ አያቴ ከገበያ ስትመለስ ሰምታዋለች። ያን ዕለት የራሷን ጉትቻ አወለቀች። ወደ እስራኤል እስክንመጣ ድረስ አላደረገችም። ልጅ ታመመ ሲባል ከበር ትመለሳለች፤ ጡት የምታጠባ ሴት ካለች ዓይኗን መሬት ላይ ትተክላለች። እናቴ ትንሽ ልጅ ሳለች ሌሊት ተነሥታ አያቴ መኝታዋ ላይ መኖሯን በእጇ ትዳብስ ነበር። ይህን የነገረችኝ እኔ ከወለድሁ በኋላ ነው።

«የድመት ሰዎች» ውስጥ ኢሬና የምትባል ከሰርቢያ ወደ ኒው ዮርክ የመጣች ሴት አለች። በመንደሯ የሚነገረውን ይዛ ነው የመጣችው፦ ዘርሽ የተረገመ ነው፣ ወንድ ከሳምሽ ወደ ግሥላ ትለወጪያለሽ። ባሏ ይስቃል፣ ወደ ሥነ አእምሮ ሐኪም ይልካታል። እርሷ ግን ከማንም በላይ ራሷን ትፈራለች። ይህን ያየሁት ማታ፣ ብቻዬን ነው። እናቴ በጨለማ የምትዳብሰው እጅ ታየኝ።

ጥላና ብርሃን፣ ያንተ ሐሳብ እዚህም ይሠራል። አንዲት ሴት ሌሊት በፓርኩ አጥር አጠገብ ትሄዳለች፣ ኢሬና ከኋላዋ ናት። ሁለት ጥንድ የጫማ ድምፅ ይሰማል። ቀጥሎ አንዱ ይጠፋል። ምንም አይታይም፤ ግንብ፣ የመንገድ መብራት፣ ጨለማ፣ እንደ ገና መብራት። ሴትዮዋ መሮጥ ትጀምራለች። በዚያች ቅጽበት አንድ ነገር እንደ አውሬ እየጮኸ ስክሪኑን ይሞላዋል። አውቶቡስ ነው፤ ፍሬኑ ነው የጮኸው። የመዋኛ ገንዳው ትዕይንት ከዚህም ይብሳል፤ እርሱን ግን ራሳችሁ እዩት።


የድሮ ስክሪን
ረቡዕ፣ ጥቅምት 4

እህቴ፣ ድምፄን ከ«ድራኩላ» አንሥቼ ለአንቺ ሰጥቻለሁ።

ስለ አሠራሩ ትንሽ ልጨምር። አርኬኦ የተባለው ስቱዲዮ ለሉተን መጀመሪያ የሰጠው ርዕሱን ብቻ ነበር፤ «የድመት ሰዎች» የሚል ፊልም ሥራ፣ ገንዘቡ ከ150 ሺሕ ዶላር አይበልጥም ተባለ። በአውሬ ልብስ የተጠቀለለ ተዋናይ ከማሳየት በጨለማ ሊሠራው መረጠ። ስቱዲዮው እውነተኛ ግሥላ ይታይ ብሎ ግድ ስላለ ጥቂት ቦታ ላይ ትታያለች፤ ለእኔ ፊልሙ የሚደክመው እዚያ ላይ ነው። እስከ ዛሬ ድረስ የፊልም ሰዎች ተመልካቹን በከንቱ የሚያስደነግጥ ድንገተኛ ድምፅ ሲያስገቡ «የሉተን አውቶቡስ» ይሉታል።


ጥላና ብርሃን
እሑድ፣ ጥቅምት 8

ትናንት «ፍራንከንስታይን»ን አየን። ጥቅምት 14 ለ«የድመት ሰዎች» ሆኗል። እናት በአሌክሳንድሪያ፣ ባለቤትሽ ያሉት ልክ ነው፤ የ1978ቱን ትቼዋለሁ። ለሃሎዊን ማታ የ1935ቱን «የፍራንከንስታይን ሙሽራ» እናያለን፤ አንቺ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለሺ ልጅሽ የሰበሰበውን ከረሜላ ይቁጠርልሽ።

ስለ ሐይቁ ትዕይንት መጻፍ አለብኝ። ማሪያ የምትባል ትንሽ ልጅ ያንን ከሬሳ ተሰፍቶ የተሠራ ሰው አትፈራውም። እጁን ይዛ ውሃው ዳር ታስቀምጠዋለች። አበባ ታካፍለዋለች፤ እየወረወሩ እንደ ጀልባ ሲንሳፈፍ ያያሉ። በፊልሙ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ይላል። ከዚያ አበባው ያልቅበታል። ባዶ እጁን ያያል፣ ልጅቱን ያያል፤ እርሷም ቆንጆ ናት፣ እርሷም ትንሳፈፋለች ብሎ አንሥቶ ይወረውራታል። ስትሰጥም ደንግጦ እየተንገዳገደ ይሮጣል። ሳንሱር ይህን ቆርጦት ነበር፤ ለብዙ ዓመታት ተመልካቹ ያየው እጁን ወደ ልጅቱ ሲዘረጋና በኋላ አባቷ ሬሳዋን ተሸክሞ ሲገባ ብቻ ነው። የተቆረጠው የተመለሰው በ1980ዎቹ ነው። ሰዉ ያንን ሁሉ ጊዜ ምን አስቦ ይሆን? እኔ እስካሁን ማሳየት ያልተቻለውን ተመልካቹ ይሙላው ስል ነበር። እዚህ ላይ የድሮ ስክሪን ረትቶኛል፤ መደበቁ ያንን ምስኪን ከሠራው የከፋ ነገር እንዲታሰብበት አደረገ።

መጨረሻው ላይ መንደርተኛው ችቦ ይዞ ወጣና የነፋስ ወፍጮውን ከእርሱ ጋር አቃጠለው። የሸክላ ልጅ፣ ያ ችቦ ሲታይ አንቺን አሰብሁ። ልጄም የጻፍሽውን አንብባለች። ፊልሙ ሲያልቅ መብራት ላብራ ስል ከለከለችኝ። ስሙ ማን ነው አለችኝ። ስም የለውም፣ ፍራንከንስታይን የሚባለው እርሱን የሠራው ሰው ነው አልኋት። ፊልሙን ወደ መጀመሪያው መለሰችው። የተዋንያን ዝርዝር ላይ ከእርሱ ትይዩ የቦሪስ ካርሎፍ ስም የለም፤ ያለው የጥያቄ ምልክት ነው። ስልኳን አንሥታ ፎቶ አነሣችው።

እንድጠይቅሽ አደራ ያለችኝ ነገር አለ፦ አያትሽ የሠራችው ሸክላ ተርፎ የመጣ አለ ወይ?


የሸክላ ልጅ
እሑድ፣ ጥቅምት 8፣ ማታ

አንድ ጀበና አለ። አንገቱ ላይ ስንጥቅ ስላለበት ቡና አናፈላበትም፤ ኩሽናው መስኮት ላይ ተቀምጧል። ከሥሩ የአውራ ጣቷ አሻራ አለ፤ ጭቃው ሳይደርቅ በሠራችው ሁሉ ላይ ታሳርፈው ነበር። የእኔ ጣት ስለሚበልጥ አይገባበትም፣ የሴት ልጄ ግን ልክ ነው።

በ14 እኔ ሰንበት እንደ ወጣ እጀምራለሁ። እናንተ ዘንድ ገና እኩለ ቀን ነውና ቀድሜያችሁ አያለሁ። ዘንድሮ ብቻዬን አላየውም፤ እናቴን ጠይቄያታለሁ፣ መብራቱ ካልጠፋ እመጣለሁ ብላለች።